ቤት ያፈራውን የጠየቀች ተማሪ

ሳታስቡት እንግዳ ደጃችሁን ቢያንኳኳ በቅድሚያ የምታደርጉት ምንድን ነው? ወደ ሱቅ አትሮጡም። መጀመሪያ ጓዳ ገብታችሁ መሶቡን ትከፍታላችሁ፤ ድስቱን ታያላችሁ፤ ቡና መኖሩን ታረጋግጣላችሁ። የጎደለ ነገር ካለ ከዚያ በኋላ ልጅ ትልካላችሁ። ማዕዱ ሲቀርብም «ቤት ያፈራውን ነው» ትላላችሁ። ይህ አባባል የትሕትና ብቻ አይደለም። ካለው ነገር ተነሥቶ የጎደለውን ብቻ ከውጭ የማሟላት ብልሃት ነው።

ቤት ለመሥራት ስንነሣ ግን ይህን ብልሃት ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። በቅድሚያ የምናስበው የሌለንን ነው፤ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ መስተዋቱን፣ በሰው ቤት ያየነውን ፕላን። ከደጃችን ያለውን ዕቃና እጃችን የለመደውን ሥራ አንቆጥረውም። ከእናንተ መካከል በጭቃ ቤት ያደጋችሁ ብዙዎች ናችሁ። ጭቃው በጭድ ሲቦካ፣ ግድግዳው ሲመረግ፣ ወለሉ በእበት ሲለቀለቅ እናቶቻችሁን ያገዛችሁም አላችሁ። ይህን ዕውቀት ግን ማን ሙያ ብሎት ያውቃል? እንዲያውም «ጭቃ ቤት» የሚለው ቃል ራሱ ድህነትን መግለጫ ሆኖ ቀርቷል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናጫውታችሁ ገና የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳሉ ይህን አስተሳሰብ ስለለወጡ ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛዋ ሴት ናት፤ ሥራዋም በይበልጥ ከሴቶች ኑሮ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ በእርሷ እንጀምራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከኮሌጅ በፊት የነበረው ዓመት

አና ሄሪንገር በ1977 በደቡብ ጀርመን ተወለደች። ያደገችው ከኦስትሪያ ጠረፍ አጠገብ በምትገኘው ላውፈን በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን እንደ ጨረሰች በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ትምህርት አልገባችም። ወደ ባንግላዴሽ ሄዳ፣ ዲፕሺኻ ከተባለ የገጠር ልማት ድርጅት ጋር እየሠራች አንድ ዓመት ያህል ኖረች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ባንግላዴሽ ታላላቅ ወንዞች የሚያቋርጧት ሜዳማ አገር ናት። ዝናቡ ብርቱ ነው፤ ጎርፉ አይታክትም። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ዋናው ሰብል ሩዝ ነው። በገጠሩ በየደጁ የሚገኘው የቤት መሥሪያ ዕቃም ሦስት ነው ማለት ይቻላል፤ አፈር፣ የሩዝ ጭድና ቀርከሃ። ገበሬው ከእነዚህ ቤቱን ራሱ ይሠራል። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ የሚለስኑትና ከዝናብ በኋላ የሚጠግኑት እንደ እኛው አገር ሁሉ ሴቶች ናቸው።

አና ከዚያ ዓመት ይዛ የተመለሰችው ትምህርት አጭር ነው። አንድ ማኅበረሰብ ራሱን የሚያሻሽለው ከውጭ የሚመጣውን በመጠበቅ ሳይሆን በእጁ ያለውን ሀብት አምኖ በአግባቡ ሲጠቀምበት ነው የሚል ነው። በኋላ በኦስትሪያ ሊንዝ ከተማ በሚገኘው የኪነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ ለመማር ስትገባ ይህን ሐሳብ ይዛ ገባች።

በ2002 ከትምህርት ጓደኞቿ ጋር ተመልሳ በሰሜን ባንግላዴሽ፣ በዲናጅፑር አውራጃ የምትገኘውን ሩድራፑር የተባለች መንደር አጠኑ። ልብ በሉ፤ ገና የተነደፈ ፕላን አልነበረም። ተማሪዎቹ የሄዱት ለማየትና ለመጠየቅ ነበር። መንደሩ እንዴት ሠፍሯል? ቤቱ በምን ይሠራል? ሰዉ ምን ይችላል? ቤቶቹስ ለምን ቶሎ ያረጃሉ? የሚሉትን ነገሮች ተመለከቱ።

ጥፋቱ የማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሊጤን የሚገባው ነው። የሩድራፑር የጭቃ ቤቶች ቶሎ የሚጎዱት ጭቃው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ብዙዎቹ መሠረት የላቸውም፤ ግድግዳው የሚነሣው ከባዶ መሬት ላይ ነው። በመሬቱና በግድግዳው መካከልም እርጥበትን የሚያግድ ነገር የለም። ስለዚህ ውሃ ከሥር እየሳበ ወደ ግድግዳው ይወጣል፤ እግሩም እየተፈረፈረ ይሄዳል። ባለቤቱ ይህን በየዓመቱ እያየ «ጡብ ቢሆን ኖሮ» እያለ ይቆጫል።

እናንተ እናቶች ይህን ነገር በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ሊጡ በደንብ ስላልቦካ እንጀራው ዓይን ባያወጣ ጤፉ አይወቀስም። የአቦካኩና የአጋገሩ ጉድለት ይፈለጋል እንጂ። ተማሪዋም እንዲሁ አደረገች። ጭቃውን ጥላ ወደ ሲሚንቶ አልሄደችም፤ ጭቃው የጎደለውን ፈለገች። በ2004 ለመመረቂያዋ ያቀረበችው ሥራ በሩድራፑር የሚሠራ የጭቃና የቀርከሃ ትምህርት ቤት ንድፍ ሆነ።

የብዙ ተማሪዎች መመረቂያ ሥራ ተፈትኖ፣ ነጥብ ተሰጥቶት በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። አና ግን ገንዘብ ወደማሰባሰቡ ገባች። አይኬ ሮስቫግ የተባለ፣ የጭቃ ሥራ የሚያውቅ የበርሊን አርክቴክት በቴክኒኩ በኩል አብሯት ሆነ። ሥራው በ2005 መስከረም ወር ተጀምሮ በዓመቱ መጨረሻ ተገባደደ።

ጭቃው ሲቦካ

አሠራሩን በዝርዝር መግለጽ የምንፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችሁ ብዙዎች የምታውቁት ሥራ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው የጡብ መሠረት ተጣለ። በመሠረቱ ላይ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይስብ የፕላስቲክ ንጣፍ ተነጠፈ። ከዚያ አፈሩ ከሩዝ ጭድና ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ ልክ በአውድማ ላይ እህል እንደሚበራይ ሁሉ፣ በከብት እግር እየተረገጠ ቦካ። የቦካው ጭቃ ያለ ሣንቃ ቅርጽ በእጅ እየተነሣ በመሠረቱ ላይ ይከመራል። አንዱ ድርብርብ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ጥቂት ቀን ጠፈፍ ሲል ከግድግዳው ያፈነገጠው በሰላ አካፋ እየተላገ ይስተካከላል። አንድ ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ ቀጣዩ ድርብርብ ይጫንበታል። ጭቃ ችኮላ አይወድም። ሳይደርቅ ከተጫነበት ይንሸራተታል፤ ጭዱ ካነሰውም ይሰነጠቃል።

እንዲህ ባለው ወፍራም ግድግዳ በምድር ቤቱ ሦስት የመማሪያ ክፍሎች ወጡ። በየክፍሉ ጀርባ በጭቃ የተሠሩ፣ እንደ ዋሻ ክብ ክብ ያሉ መሸሸጊያዎች አሉ። ሕፃናቱ በቀዳዳው ሾልከው ገብተው ያነባሉ፤ ይጫወታሉ፤ ብቻቸውን መሆን ሲያምራቸውም ይቀመጣሉ። ልጅ ያሳደገች ሁሉ እንደምታውቀው ሕፃን ከአልጋ ሥርና ከመጋረጃ ጀርባ መደበቅ ይወዳል። ይህን የልጅ ጠባይ በፕላን ውስጥ ያስገባ ትምህርት ቤት ስንት ይሆን?

ፎቁ በቀርከሃ ተሠራ። ቀርከሃው በብረት ካስማና በናይለን ገመድ እየተጋጠመ ወለሉንና የጣራውን ማገር ሆነ። በላዩ ቆርቆሮ ተከደነ። በየበሩና በየጣራው ሥር የተዘረጉት ደማቅ ቀለም ያላቸው ጨርቆች ደግሞ የመንደሩ ሴቶች የሚለብሱት ሳሪ ናቸው።

ፎቅ መሆኑም የራሱ ምክንያት አለው። መሬት በጠበበበት አገር ወደ ጎን የሰፋ ቤት ሁሉ ከሩዝ ማሳው ላይ ይቆርሳል። የጭቃ ቤት ባለ ፎቅ ሊሆን እንደሚችል ከታየ ግን ገበሬው ማሳውን ሳይነካ ቤቱን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በኋላ አና ከባንግላዴሽና ከኦስትሪያ ተማሪዎች ጋር በዚያው መንደር ሦስት ባለ ፎቅ የቤተሰብ ቤቶችን የሠራችው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንሻለን። ተማሪዋ የጡብ መሠረት አልጠላችም፤ ፕላስቲኩን፣ ብረቱን፣ ቆርቆሮውን አልናቀችም። በሌላ አነጋገር በቅድሚያ መሶቡን ከፈተች፤ ከዚያ የጎደለውን ለማስመጣት ልጅ ወደ ሱቅ ላከች። ለተገዛ ዕቃ የሚወጣው ገንዘብ አነሰ፤ የተረፈው ለመንደሩ ሠራተኞች ደመወዝ ሆነ። ከሥራው በኋላም ጥሩ መሠረት የመጣልና ፎቅ የማንሣት ዕውቀት በእነርሱው እጅ ቀረ። ይህ ትምህርት ቤት በ2007 ከዓለም ታላላቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የአጋ ኻን ሽልማት አገኘ።

ሥራ ፍለጋ የሄደችው እናት

አሁን ደግሞ ለሠራተኛ እናቶች ይበልጥ ወደሚቀርበው ጉዳይ እንለፍ። ባንግላዴሽ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎቿ በዓለም የታወቀች ናት። በእነዚህ ፋብሪካዎች ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹም ከገጠር መንደራቸው ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ዳካና ወደ አካባቢዋ የመጡ ናቸው። ልጇን ለአያት ትታ የሄደችው ብዙ ናት።

በ2013 ሚያዝያ ወር በዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደረመሰ። በውስጡ በርካታ የስፌት ፋብሪካዎች ነበሩ። በሕንፃው ላይ ያለ ፈቃድ ፎቆች ተጨምረውበት ነበር። በዋዜማው ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ታይቷል። በታችኞቹ ፎቆች የነበሩት ባንክና ሱቆች በማግሥቱ ሲዘጉ የስፌት ሠራተኞቹ ግን ወደ ሥራ እንዲገቡ ተደረገ። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

ይህን አሳዛኝ ነገር የምናነሣው ሲሚንቶ ይገድላል፣ ጭቃ ያድናል ለማለት አይደለም። ያልተጠየቀ ሰው በሚሠራበትና በሚኖርበት ሕንፃ ላይ ድምፅ እንደሌለው ለማሳየት ነው። ስንጥቁን ያዩት ሴቶች ነበሩ፤ ፈርተውም ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

በሩድራፑር የተደረገው ከዚህ በተቃራኒው ነው። አና ከሙያ ባልደረቦቿና ከዲፕሺኻ ጋር ሆና ዲፕዲ ቴክስታይልስ የተባለ የስፌት ሥራ እንዲጀመር አደረገች። በቤንጋል አገር ሴቶች ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በእጅ እየሰፉ ብርድ ልብስ የማድረግ የቆየ ልማድ አላቸው። ዲፕዲ የተመሠረተው በዚህ ሙያ ላይ ነው። የመንደሩ ሴቶች ከእነዚህ ጨርቆች ልብስ እየሰፉ ይሸጣሉ። ከተማ ሳይሄዱ፣ ከልጆቻቸው ሳይለዩ ደመወዝ ያገኛሉ።

እነዚህ ሴቶች የሚሠሩበት ቤት አናንዳሎይ ይባላል፤ የታላቅ ደስታ ሥፍራ ማለት ነው። እርሱም ከጭቃና ከቀርከሃ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። በምድር ቤቱ የአካል ጉዳተኞች ሕክምናና እርዳታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ፎቁ የስፌት ክፍል ነው። ከምድር ወደ ፎቅ የሚያወጣው ሕንፃውን እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣ ተዳፋት መንገድ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ፎቅ ይወጣበታል። ጭቃ በሣንቃ ሳይታጠር በእጅ ስለሚከመር ግድግዳው እንደ ልብ ሊጎብጥና ሊጠማዘዝ ችሏል። አካል ጉዳተኞቹም በግንባታው ተካፍለዋል። ሕንፃው በ2020 የኦቤል ሽልማትን ተቀበለ።

በአንድ በኩል ስንጥቁን እያየች እንድትገባ የተደረገች ስፌተኛ፣ በሌላ በኩል የምትሠራበት ቤት በመንደሯ አፈርና በጎረቤቶቿ እጅ የታነጸላት ስፌተኛ አለች። ልዩነቱን ለእናንተ ለራሳችሁ እንተወዋለን።

በአህጉራችን ደግሞ

ይህ ነገር በእስያ ብቻ የሆነ እንዳይመስላችሁ። በምዕራብ አፍሪካ በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ የተባለች መንደር አለች። ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በዚህች መንደር በ1965 ተወለደ። አባቱ የመንደሩ አለቃ ነበሩ። በጋንዶ ትምህርት ቤት ስላልነበረ በሰባት ዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ተንኮዶጎ ወደተባለች ከተማ ተላከ። የገባበት ክፍል ጨለማ፣ በሙቀት የታፈነ፣ ከመቶ በላይ ልጆች የታጨቁበት ነበር። አንድ ቀን የተሻለ እሠራለሁ የሚል ሐሳብ ያደረበት በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ነበር ደጋግሞ ተናግሯል።

ከትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ የጋንዶን እናቶች እየዞረ ይሰናበት ነበር። እያንዳንዷም ከልብሷ ቋጠሮ ፈትታ የመጨረሻዋን ሳንቲም ትሰጠው ነበር። ልጁ ነገሩ ግራ ገብቶት እናቱን ጠየቃቸው። እናቱም ሴቶቹ ይህን የሚያደርጉት እርሱ ተምሮ አንድ ቀን ለመንደሩ ይጠቅማል ብለው ተስፋ ስላደረጉ መሆኑን ነገሩት። እንግዲህ የዚህ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ ከፋዮች የትኞቹ እንደ ሆኑ ተመልከቱ።

ፍራንሲስ በ1985 አናጢነት እንዲማር ነፃ ትምህርት አግኝቶ ወደ ጀርመን ሄደ። ቀን እየሠራ፣ ማታ እየተማረ ቆይቶ በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ መማር ጀመረ። ገና ሳይመረቅ በ1998 ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ገንዘብ ማሰባሰብ ያዘ። በ2001 ትምህርት ቤቱ ተሠርቶ ተጠናቀቀ። ተማሪው ራሱ የተመረቀው ከዚያ በኋላ በ2004 ነው። ያ ሕንፃ የአጋ ኻንን ሽልማት ያገኘውም በዚያው ዓመት ነበር።

ሥራው ግን ያለ ክርክር አልተጀመረም። የመንደሩ ሰዎች ጀርመን አገር የተማረ ልጅ ተመልሶ «በጭቃ እንሥራ» ሲል ተገረሙ። ጭቃን ዝናብ እንደሚያፈርሰው በየክረምቱ ያውቁታል። ፍራንሲስም በንግግር ብቻ አልተከራከረም። ከአፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ የተጨመቁ ጡቦችን ሠርቶ ጥንካሬያቸውን በዓይናቸው አሳያቸው። ቆርቆሮውን ደግሞ ከክፍሎቹ ኮርኒስ በላይ ከፍ አድርጎ በቀጫጭን ብረቶች ተሸከመው፤ ከግድግዳውም አልፎ እንዲዘረጋ አደረገው። እንዲህ ሲሆን ዝናቡ ግድግዳውን አይመታውም። በቆርቆሮው የጋለው አየርም ወደ ክፍሉ ሳይወርድ በመካከሉ ያልፋል። ከክፍሉ የሚነሣው ሙቀት በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ይወጣል። ቆርቆሮ በቀጥታ ከራሱ በላይ ያለበት ቤት እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

የወለሉ ሥራ በተለይ ሊነገር የሚገባው ነው። ወጣቶች አፈሩን ለረዥም ሰዓት ደበደቡት። ቀጥሎ የመንደሩ እናቶች በረድፍ ሆነው፣ ውሃ እያርከፈከፉ፣ በአንድ ዜማ እየመቱ አጠበቁት። በመጨረሻም በድንጋይ እየፈተጉ አለሰለሱት። ይህ በጋንዶ ከጥንት ጀምሮ የቤት ወለል የሚሠራበት ዘዴ ነው። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ስናነሣ ደግሞ ሴቶቹ የሠሯቸው እንስራዎች ከላይና ከታች ተቆርጠው በጣራው ውስጥ ተተከሉ። ለብርሃን ማስገቢያና ለሙቀት ማስወጫ ቀዳዳ ሆኑ። ውሃ የተቀዳበት እንስራ መስኮት ሆነ ማለት ነው።

ፍራንሲስ ኬሬ በ2022 በሥነ ሕንፃ ከፍተኛ ክብር ያለውን የፕሪትዝከር ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል።

ለእኛስ?

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ቁም ነገር ነገ ሁላችንም ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ የሚል አይደለም። ትምህርቱ ሌላ ነው። የጥሩ ቤት ንድፍ የሚጀምረው በቤቱ ለሚኖረው ሰው በሚቀርብ ጥያቄ ነው። ምን አለህ? ምን ታውቃለህ? ቀንህ እንዴት ይውላል? የሚለው ነው። ከቤቱ ጋር ረዥሙን ሰዓት የምታሳልፈው ደግሞ በአብዛኛው እናት ናት። እርሷ ያልተጠየቀችበት ፕላን ግማሽ ፕላን ነው።

ነገሩ በከተማችን ኑሮ ላይም ይታያል። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሲታነጹ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብና በበዓል ቀን በግ ለማረድ የሚያገለግሉ የጋራ ቤቶች በየግቢው እንዲሠሩ መታሰቡ የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ውጤት ነው። በፎቅ ላይ በሚገኝ ጠባብ ማእድ ቤት የምጣድ ጭስና የበርበሬ ሽታ ምን እንደሚያደርግ ያልጠየቀ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት አያስብም ነበር።

ስለዚህ ቤት የምትሠሩ፣ የምታድሱ፣ ወይም አንድ ክፍል የምትጨምሩ እናቶች፣ ግንበኛው ወይም መሐንዲሱ ሲመጣ ቡና አቅርባችሁ ብቻ ወደ ጓዳ አትመለሱ። አብራችሁ ተቀመጡ። የማእድ ቤቱ ጭስ በየት እንደሚወጣ፣ ነፋሱም ከየት እንደሚመጣ ንገሩት። ወጥ ስትሠሩ ሕፃኑን ከየት ሆናችሁ ማየት እንደምትፈልጉ አሳዩት። ልብስ የሚሰጣበትን፣ እህል የሚሰጣበትን፣ ለቅሶ ወይም ማኅበር ሲኖር ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ አስታውሱት። በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አካለ ስንኩል ቤተሰብ ካላችሁ ደረጃው ስንት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጸዳጃው በር ከየት እንደሚታይም መናገር ነውር አይደለም።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ ከሩድራፑርና ከጋንዶ የምትወስዱት ተግባራዊ ምክር አለ። አንደኛ፣ የጭቃ ጠላት ከላይ ከሚመጣው ውሃ ባልተናነሰ ከሥር የሚስበው ነው። የግድግዳውን እግር በድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ ማድረግና በዙሪያው የውሃ መውረጃ ማበጀት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሁለተኛ፣ የጣራው ክፈፍ ሰፋ ብሎ ግድግዳውን ከዝናብ ይሸሽገው። ሦስተኛ፣ ምርጊቱ በበቂ ጭድ ይቦካ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበት። አራተኛ፣ ትንሿ ስንጥቅ ከክረምት በፊት ትመረግ። ግድግዳው ካዘመመ፣ ምሰሶው በምስጥ ከተበላ፣ ወይም ፎቅ ለመጨመር ካሰባችሁ ግን በግምት አትሥሩ፤ ባለሙያ ይመልከተው። ስንጥቅ አይታችሁ ስትፈሩም ፍርሃታችሁን አትዋጡት፤ ተናገሩ።

በመጨረሻም ሴት ልጆቻችሁን አስቡ። በአገራችን ሥነ ሕንፃና የግንባታ ሙያ በከፍተኛ ደረጃ መሰጠት ከጀመረ ረዥም ጊዜ ሆኖታል፤ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተከፈተው በ1954 ነበር። ዛሬም ሴት ልጆች በየዩኒቨርሲቲው ይህን ትምህርት ይማራሉ። በየግንባታው ሥፍራ ደግሞ ድንጋይና አሸዋ ተሸክመው የሚወጡ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ልጃችሁ በአፈር ቤት እየሠራች ስትጫወት «ልብስሽን አቆሸሽሽ» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት በር የት እንዳወጣችና ለምን እዚያ እንዳወጣች ጠይቋት። መልስ አታጣም።

በቋንቋችን «ሙያ ያላት ሴት» ስንል ወጧ የጣፈጠ፣ ቤቷ የተያዘ ማለታችን ነው። «የሕንፃ ባለሙያ» ስንል ግን ዓይናችን ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ሩድራፑር ግድግዳ የለሰኑት፣ ጋንዶ ወለል የደበደቡት እናቶች ሁለቱ ሙያዎች አንድ እንደ ሆኑ አሳይተዋል። ተማሪዎቹ ከሁሉ በፊት ያደረጉት መልካም ነገርም ይኸው ነው፤ ቤት ያፈራውን ጠየቁ፤ ቤቱም ከጠበቁት በላይ አፍርቶ ተገኘ።